መሬት ከልሎ የዱር እንስሳትን መኖሪያ ማስመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሬት ስለመጠበቅና የዱር እንስሳትን ስለመመለስ በተወራ ቁጥር የሚነሱት ጥያቄዎች ያው ናቸው። የሚያርሰውም፣ ከብት የሚያረባውም፣ የአካባቢ ማኅበር የሚመራውም፣ ጥግ ላይ የተረሳች ቁራሽ መሬት ያለችውም ይጠይቃቸዋል። አንዳንዶቹ በሁለት መስመር ያልቃሉ። አንዳንዶቹ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቁም፤ እነሱ ላይ ረዘም ብዬአለሁ።

የዱር እንስሳት መኖሪያ ማለት ጫካ ማለት አይደለም እንዴ?

ጫካ አንዱ ዓይነት ነው። መኖሪያ የሚባለው እንስሳው የሚበላውን፣ የሚጠጣውን፣ የሚሸሸግበትንና የሚራባበትን እግሩ ወይም ክንፉ በሚያደርሰው ርቀት ውስጥ ሲያገኝ ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ቦታው ለዓይን ቢያምርም እንስሳው አይከርምበትም።

ቀይ ቀበሮን እንውሰድ። ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም የለም፤ አዋቂዎቹ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። ይህ እንስሳ ዛፍ አይፈልግም። የሚፈልገው አይጥና ፍልፈል የሞላበትን ገላጣ የደጋ ሣር ነው። ጆሮውን ቀስሮ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እግሩን ቀስ እያለ እያነሳ ከጉድጓድ ብቅ የምትለዋን ይጠብቃል። እዚያ ሣር ላይ በቅን ልቦና ችግኝ ብንደረድርበት ማደኛውን ወሰድንበት ማለት ነው። ረግረግም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ረግረግ ሲያይ «ውሃው ቢጠነፈፍ እኮ ጥሩ እርሻ ይወጣዋል» ይላል። ለእንቁራሪቱና ለውሃ ወፉ ግን ሌላ መሄጃ የለም።

ትንንሾቹም አይረሱ። በሰሜን አሜሪካ ቺካዲ የምትባል ሚጢጢ ወፍ አለች። አንድ ጎጆ ጫጩት አሳድጋ ለማብረር ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ታመላልሳለች። አባጨጓሬው ደግሞ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ አይበላም፤ አብዛኛው የለመደው የአገሩን ተክል ነው። ስለዚህ ግቢው በመጤ ጌጠኛ ዛፍ ቢሞላም ወፏ ጫጩቶቿን የምታበላው ታጣለች። «አረንጓዴ ነው» ማለት «ሕይወት አለበት» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አደን ከተከለከለ አይበቃም?

አይበቃም። የመንግሥታት የብዝኃ ሕይወት መድረክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምገማ አንድ ሚሊዮን ገደማ ዝርያዎች የመጥፋት አደጋ ላይ መሆናቸውን ገልጿል። በየብስ ላይ ዋናው ምክንያት የመሬት አጠቃቀም መለወጥ ነው፤ አደን የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። አንድም ጥይት ባይተኮስ ቁጥቋጦው ከተመነጠረ ድኩላው ወይ ይሄዳል ወይ ያልቃል።

መንግሥት ፓርክ ብሎ ካልከለለው መሬት ማስጠበቅ አይቻልም?

ይቻላል። እንዲያውም ጥሩ ጥሩዎቹ ምሳሌዎች ከፓርክ ውጪ ናቸው።

ቅርብ ካለው ብንጀምር የመንዙ ጓሳ አለ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የደጋ ሣር ምድር ነው። ሕዝቡ ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈልገዋል። ስለፈለገውም ጠበቀው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ የመጣ የቄሮ ሥርዓት ነበረው። ቦታው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በተመረጡ አለቆች ውሳኔ ይከፈታል፤ ሁሉም እኩል ይገባል፤ ከዚያ መልሶ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ሥርዓቱ የቆመበትን መሠረት አጣ። በኋላ ነዋሪው በአዲስ መልክ ኮሚቴ አቋቁሞና መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ መልሶ አቆመው። ዛሬ እዚያ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለ። ልብ ይበሉ፤ ሕዝቡ ሥርዓቱን ያቆመው ለቀበሮው ብሎ አይደለም። ለሣሩ ብሎ ነው። ቀበሮው በሣሩ ተርፏል።

በአሜሪካ ደግሞ የውል መንገድ አለ። ባለመሬቱ መሬቱን አይለቅም። ያርሳል፣ ያስግጣል፣ እዚያው ይኖራል። ነገር ግን ላለመሸንሸንና ሕንፃ ላለመደርደር ይፈርማል። ውሉ የተጻፈው በመሬቱ ላይ ስለሆነ ልጁ ቢወርሰውም ሌላ ሰው ቢገዛውም አይፈርስም። ውሉን የሚይዙትና የሚከታተሉት አብዛኛውን ጊዜ የመሬት አደራ ድርጅቶች ናቸው። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1891 በማሳቹሴትስ ነው። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ የገጠር ማኅበረሰቦች ተደራጅተው ከዱር እንስሳቱ የሚገኘውን ጥቅም ራሳቸው እንዲያገኙ አድርጋለች። አሁን ከ80 በላይ እንዲህ ዓይነት የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታዎች አሏት፤ የአገሪቱን አንድ አምስተኛ ያህል ይሸፍናሉ።

የትኛው ይሻላል? መሬቱ የማን ነው፣ ሕጉስ ምን ይፈቅዳል የሚለው ይወስነዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ነገ ሰው ገብቶ ቢቆርጥ ማን ያየዋል? ያየው ሰውስ «ተው» ለማለት ምን ምክንያት አለው? ለዚህ መልስ የሌለው ጥብቅ ቦታ ካርታ ላይ ብቻ የሚኖር ነው። እንዲህ ያሉት ብዙ ናቸው።

ነዋሪውን ማስነሳት ግድ ነው?

ለረጅም ጊዜ እንዲያ ይታሰብ ነበር። ሰው ከወጣ ተፈጥሮ ይድናል የሚለው አሠራር በብዙ አገር ሕዝብን ከመሬቱ ነቅሏል፤ ብዙ ቂምም ጥሏል። የተቀየመ ጎረቤት ደግሞ ጫካ አይጠብቅም። በታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) ሞንትሪያል ላይ አገሮች የተስማሙበት የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ እስከ 2030 ከየብሱም ከባሕሩም 30 በመቶው እንዲጠበቅ ግብ አስቀምጧል። የነባር ሕዝቦችና የአካባቢ ማኅበረሰቦች መብት እንዲከበርም እዚያው ላይ ጽፏል። ቁጥሩ ብዙ ይወራለታል። ሁለተኛው ሐረግ ግን ሲጠቀስ ብዙም አልሰማም።

መሬቱን ከከለልነው በኋላ ራሱ ያገግማል ወይስ ችግኝ መትከል አለብን?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

መሬት እንዳያገግም የሚይዘው ነገር አለ። ልቅ ግጦሽ ሊሆን ይችላል፣ እሳት ሊሆን ይችላል፣ ማገዶ ለቀማ ወይም መጤ ሣር ሊሆን ይችላል። እሱ ሳይነሳ የተተከለ ችግኝ የፍየል ቀለብ ነው። እሱ ከተነሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናስበውን ያህል ችግኝ አያስፈልገንም። ኒጀር ውስጥ ገበሬዎች ከእርሻቸው መሃል ያሉትን ጉቶዎች መመንጠር ትተው የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡ በማሳደግ ብቻ 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት በዛፍ ተሸፍኗል። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሲደረግ ጫካው በአብዛኛው የተመለሰው ከቀሩት ጉቶዎች ነው። ከላይ ሲያዩት ምንም የለም፤ ሥሩ ግን አልሞተም ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። ሥርም ጉቶም ካልቀረ ዘር ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። አፈር ውስጥ ተቀብሮ የቆየ ዘር አይጠፋም፤ ግን አብዛኛው የሣርና የአረም ነው። የደጋ ዛፎች ዘር አብዛኛው አፈር ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ወይ ይበቅላል ወይ ይበሰብሳል። ስለዚህ «በቅርብ የቆመ እናት ዛፍ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ቦታ ላይ የቀረው እናት ዛፍ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ነው።

እናት ዛፍ ካለ ቀጥሎ የሚሆነውን ቁጭ ብሎ ቢያዩት ያስደንቃል። በሰሜን በተከለሉ ተዳፋቶች ላይ የወይራ ቡቃያ የሚገኘው ሜዳው ላይ ተበትኖ አይደለም። የደደሆ ቁጥቋጦ ሥር ነው። ወፏ የወይራ ፍሬ ትበላና ቁጥቋጦው ላይ ታርፋለች፤ ዘሩን እዚያው ትጥላለች። ከታች ጥላ አለ፣ የረገፈ ቅጠል አለ፣ እርጥበት አለ። ፍየል ደግሞ ደደሆ ብዙ አይወድም፤ ውስጡ ያለችውንም ቡቃያ አያገኛትም። ከዓመታት በኋላ ወይራው ቁጥቋጦውን ሰንጥቆ ይወጣል። ታዲያ «መሬቱን እናጽዳ» ተብሎ መጀመሪያ የሚመነጠረው ይሄው ደደሆ መሆኑ ያሳዝናል። ቁጥቋጦን እንደ ቆሻሻ የሚያይ ሰው ወይራውን አብሮ እየነቀለ ነው።

የእኔ ምክር፦ ከልለው አንድ ሁለት ክረምት ይታገሡ። ምን እንደበቀለ እየዞሩ ይመልከቱ። ምንም የዛፍ ቡቃያ ካልታየ ያኔ ይትከሉ፤ ያውም ቦታውን ሁሉ ሳይሆን እዚህም እዚያም በትንንሹ ሰብሰብ አድርገው። ወፍ ያርፍበታል፤ የቀረውን እሷ ትተክለዋለች።

ከተከልኩስ የትኛውን?

አገር በቀሉን፤ የተለያየውን፤ ከዚያው አካባቢ ከተለቀመ ዘር የተፈላውን። ቁጥቋጦና የፍሬ ዛፍ ይቀላቅሉበት፤ ፍሬ ወፍ ይጠራል። እርጥብ ቦታ የሚወደውን ወደ ወንዙ፣ ድርቅ የሚችለውን ወደ ተዳፋቱ። ቀሪውን የአካባቢው አዛውንትና የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ከማንም በላይ ያውቁታል።

የሚቆጠረውም የጸደቀው ይሁን። ሐምሌ ላይ የተተከለው ቁጥር ዜና ይሆናል። በዓመቱ ሰኔ ላይ ተመልሶ የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው።

ባሕር ዛፍ ዛፍ አይደለም?

ዛፍ ነው፤ ለዱር እንስሳት ግን ብዙም ቤት አይሆንም። በረድፍ የተተከለ የባሕር ዛፍ ውስጥ ገብተው ከሥሩ የሚበቅለውን ቢያዩ ይገባዎታል። ሆኖም አልረግመውም። ከጥብቁ ቦታ ውጪ፣ ከምንጭና ከረግረግ ርቆ የተተከለ ባሕር ዛፍ ማገዶና አጣና ስለሚሰጥ ሰው ወደ ጫካው መጥረቢያ ይዞ እንዳይሄድ ያደርጋል። ጥፋቱ የሚመጣው ይሄንን ተክሎ «ደን መለስኩ» ሲባል ነው።

መጤ ተክል ከወረረውስ?

በእውነት ይሄ ራስ ምታት ነው። አፋር ላይ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ የመጣው ለበጎ ታስቦ ነው፤ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ። ከብትና ፍየል ጣፋጭ ፍሬውን በልተው ዘሩን በየሄዱበት በፋንድያቸው ዘሩት። አሁን ሰፊ የግጦሽ መሬት ውጧል፤ ሣሩን ተከትሎ የሚኖረው የዱር እንስሳም አብሮ ተጎድቷል። የወፍ ቆሎ ደግሞ በወፍ ነው የሚዛመተው። እንዲህ ያለው ተክል ባለበት ከብት ከልክሎ መቀመጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ወራሪው ሳይበዛ፣ ፍሬ ሳይዝ፣ ከነሥሩ መንቀል ያስፈልጋል። አምስት ሆኖ ሳለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አምስት ሺህ ከሆነ በኋላ የዕድሜ ልክ ነው።

አንዳንዴ መፍትሔው ካልታሰበ ቦታ ይመጣል። ኮስታሪካ ውስጥ ጓናካስቴ በሚባለው ጥብቅ ቦታ ከአፍሪካ የመጣ የግጦሽ ሣር መሬቱን ሸፍኖ ነበር። በየበጋው ይነዳል፤ ዛፍ አያስበቅልም። ዳንኤል ጃንዘንና ዊኒ ሃልዋክስ የተባሉት ተመራማሪዎች ዋና ሥራቸው እሳቱን ማስቆም ሆነ፤ እሳቱ ሲቆም ደረቁ ጫካ መመለስ ጀመረ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከአንድ የጭማቂ ፋብሪካ ጋር ተስማምተው 12,000 ቶን ገደማ የብርቱካን ልጣጭ 3 ሄክታር የተራቆተ መሬት ላይ አስደፉ። ዝንቡንና ሽታውን ያስቡት። ተቀናቃኝ ፋብሪካ «ፓርኩን አቆሸሻችሁ» ብሎ ከሰሰ፤ ሥራው ተቋረጠ፤ ነገሩም ተረሳ። ከ16 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ሄደው ሲያዩ ቦታው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሆኗል። ከጎኑ ልጣጭ ያልተደፋበት መሬት ግን ያው እንደነበረ ነው። ልጣጩ ሣሩን አፍኖ ገደለው፤ አፈሩንም አለማው። ይህን የማወራው ልጣጭ ይድፉ ለማለት አይደለም። ሣሩ ነበር የያዘው፤ ሣሩ ሲሞት ጫካው መጣ።

መሬቴ ትንሽ ናት። ምን ትጠቅማለች?

ለዝሆን አትጠቅምም። ለንብ፣ ለቢራቢሮ፣ ለወፍ፣ ለእንቁራሪት፣ ለጃርት ግን ትጠቅማለች። ከስፋቷ ይልቅ ከማን ጋር እንደምትዋሰን ማየት ይበልጣል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጫካ ሲቆራረጥ ዳሩ ይበዛል። ዳር ላይ ፀሐይ ይገባል፣ ነፋስ ያደርቃል፣ ከብት ይገባል፣ አረም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ከቀረው ደን 70 በመቶው ከዳር በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። ደን ብለን የምንጠራው አብዛኛው ዳር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ መሬት ካለዎት፣ ሁለት የተለያዩ ቁራሾችን የምታገናኝ ከሆነች ወይም የአንዱን ዳር የምታሰፋ ከሆነች ዋጋዋ እጥፍ ነው። ከርቀት ለብቻዋ የቆመች ከሆነችም ወፍ አርፎ የሚያልፍባት ትሆናለች።

የወንዝ ዳርን ደግሞ ማንም እንዳይንቀው። ከወንዙ በግራና በቀኝ ጥቂት ሜትር ሳይታረስ ቢተው ቁጥቋጦው ይመለሳል፣ ደለሉ ይያዛል፣ ድኩላና ጦጣም ቀን ሳይታዩ የሚያልፉበት መንገድ ያገኛሉ። በእርሻ መካከል ያለ የአጥር ቁጥቋጦም ያው ነው። አርጅቶ የደረቀ ዛፍም ቤት ላይ የማይወድቅ ከሆነ ይተዉት። ግንደ ቆርቁር ይቦረቡረዋል፤ እሱ ሲለቅ ጉጉት ወይም ንብ ይገባበታል።

መንገድ መሃል ቢያቋርጠውስ?

መተላለፊያ ይሠራል። በካናዳ ባንፍ ፓርክን የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ላይ 6 ከላይ የሚያሻግሩና 38 ከሥር የሚያሳልፉ የእንስሳት መተላለፊያዎች አሉ፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ካለው አጥር ጋር ተዳምረው የመኪናና የእንስሳት ግጭትን ከ80 በመቶ በላይ ቀንሰዋል። ድቦቹ ድልድዩን ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ውድ ሥራ ነው። መንገዱ ሳይቀየስ በፊት «እንስሳቱ በየት ነው የሚያልፉት?» ብሎ መጠየቅ ግን በጣም ርካሽ ነው።

አጥር ልጠር?

ከምን ለመጠበቅ? ከከብት ከሆነ ጥሩ ነው። በደቡብ ጎንደር የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር የሠሩት ሥራ አለ። በቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተካበ። ድንጋዩ የመጣው ከገበሬው እርሻ ነው፤ እርሻውም ጸዳለት፣ ደኑም ታጠረ። ከብት መግባቱን ሲያቆም በደኑ ወለል ላይ ቡቃያ መታየት ጀመረ። ካብ ላይ ወፍም ዝንጀሮም መሻገር አያቅታቸውም።

የዱር እንስሳቱን ውስጥ ለመያዝ ከሆነ ግን ደግመው ያስቡ። ሆላንድ ውስጥ ኦስትፋርደርስፕላሰን በሚባል 56 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቦታ ፈረስ፣ ከብትና አጋዘን ተለቅቀው «ተፈጥሮ ራሷን ታስተዳድር» ተባለ። አጥር አለ፤ አዳኝ አውሬ የለም፤ የብርድ ወራት ሲመጣ መሄጃ የለም። በ2017/18 (እ.ኤ.አ.) ብርድ ወራት ከ3,000 በላይ እንስሳት አለቁ፤ አብዛኞቹ በረሃብ ከመሰቃየት ብለው ጠባቂዎቹ የተኮሱባቸው ናቸው። ሕዝቡ በአጥር ላይ ድርቆሽ ይወረውር ነበር። አጥረው ከዘጉ በኋላ «አልነካም» ማለት አያስኬድም።

እንስሳቱ ሲመለሱ ሰብላችንንና ከብታችንን አያጠፉም?

ያጠፋሉ። ይሄንን ደብቆ ማኅበረሰብ ለማሳመን የሚሞክር ሰው ከመጀመሪያው እየዋሸ ነው፤ የሚጋለጠውም ዝንጀሮው በቆሎ ማሳ ውስጥ የገባ ዕለት ነው። ከርከሮ ድንች ይቆፍራል። ጃርት ሥራሥር ይበላል። ጅብ በግ ይወስዳል። ጉዳቱ የሚደርሰው ደግሞ ከጫካው ጋር በሚዋሰኑት ጥቂት ቤቶች ላይ ነው፤ «ደኑ የሁላችንም ነው» የሚለው ግን ራቅ ብሎ የሚኖረው ነው።

ሁሉን የሚያስቆም መላ የለም፤ የሚቀንሱ ግን አሉ። ከጫካው ዳር በቆሎና ስኳር ድንች መዝራት ትቶ ዝንጀሮ የማይወደውን፣ ለምሳሌ በርበሬ፣ መዝራት። በግና ፍየልን ማታ ጣሪያ ባለው ጠንካራ በረት ማሳደር። በደረሰ ሰብል ወቅት ተራ ገብቶ መጠበቅ። ዝሆን ባለበት አገር ደግሞ ዶክተር ሉሲ ኪንግ ኬንያ ውስጥ ያስፋፋችው የቀፎ አጥር አለ። ቀፎዎች በሽቦ ተያይዘው በማሳው ዙሪያ ይንጠለጠላሉ። ዝሆኑ ሽቦውን ሲገፋ ቀፎዎቹ ይወዛወዛሉ፤ ንቦቹ ይወጣሉ፤ ዝሆን ንብ ይፈራል። ማሩ ለባለማሳው ነው።

ከቀረው ጉዳት ካሳ መኖር አለበት፤ ካሳውም በፍጥነት መከፈል አለበት። ከዓመት በኋላ በስንት ማመልከቻ የሚመጣ ካሳ ሰውየውን ይበልጥ ያበሳጨዋል። ካሳ የሚከፈልበት ገንዘብ ከሌለ ቢያንስ ከጥብቁ መሬት የሚገኘው ጥቅም መጀመሪያ ለእነዚያ አዋሳኝ ቤቶች ይድረስ፤ የሣር አጨዳው ተራ፣ የጥበቃው ሥራ፣ የቀፎ ማስቀመጫው ቦታ።

ከብቶቹስ የት ይሂዱ?

ከብት ያለው ሰው «ከልክሉ» ሲባል የሚሰማው «ከብትህን ሽጥ» ነው። ስለዚህ ቦታው ሁሉ በአንድ ቀን አይዘጋ። ግማሹ ይዘጋና ሣሩ ሲያገግም አጭዶ መመገብ ይጀመር። አንድ ሁለት ክረምት ያረፈ መሬት የሚሰጠውን ሣር ያየ ሰው ለቀሪው ግማሽ ብዙ ክርክር አያበዛም። ፈረቃው፣ ቅጣቱ፣ ድሃዋ ከብት የሌላት ሴት ድርሻዋን ሣር ለማን እንደምትሸጥ ሁሉ ደንቡ ላይ ይጻፍ።

እንስሳቱ ራሳቸው ይመጣሉ ወይስ ከሌላ ቦታ ማምጣት ያስፈልጋል?

በቅርብ ያለ ይመጣል። መጀመሪያ ነፍሳት፣ ከዚያ ወፎች፣ ከዚያ ትንንሽ አጥቢዎች፣ እነሱን ተከትሎ ቀበሮና ጉጉት። በቅርብ የሌለው ግን ከየት ይመጣል? ሞዛምቢክ ውስጥ ጎሮንጎሳ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ትልልቅ እንስሳቱን ከ90 በመቶ በላይ አጥቶ ነበር። ከ2004 በኋላ ጎሽና የሜዳ አህያ በመኪና ተጭነው መጡ፤ የዱር ውሻ በ2018 ተመለሰ። ደፈርሳ ግን ከቀሩት ጥቂቶች ራሱ ተራብቶ ሜዳውን ሞላው። በዚያው ላይ ተራራው ላይ ያሉ ገበሬዎች በጥላ ዛፍ ሥር ቡና እንዲያለሙ ተደረገ፤ ጫካውን መመንጠር እንዲቀር። እንስሳ ጭኖ ማምጣት የመጨረሻው ሥራ ነው። የገደላቸው ነገር እዚያው ካለ ያመጧቸውንም ይገድላል።

ስንት ዓመት ይፈጃል?

ሣር በአንድ ክረምት። ቁጥቋጦና አብረውት የሚመጡ ወፎች በጥቂት ዓመታት። ምንጭ መጎልበቱ እንደ አፈሩና እንደ ዓለቱ ነው፤ ቀን ቆርጦ ቃል የሚገባ አይመኑ። እውነተኛ ደን፣ ጎድጓዳ ግንድና ወፍራም የረገፈ ቅጠል ያለው፣ ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ይወስዳል። የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ተብሎ የሚጀመር ሥራ በአራተኛው ዓመት ጥበቃው ደመወዝ ሲቀርበት ምን እንደሚሆን ቀድሞ ይታሰብ።

እየሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ድንጋይ ላይ ምልክት ያድርጉና በየዓመቱ በዚያው ወር፣ እዚያው ቆመው፣ ወደዚያው አቅጣጫ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ጠዋት ጎሕ ሲቀድ ለተወሰነ ደቂቃ ቆመው የሰሙትንና ያዩትን ወፍ ይመዝግቡ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ጭቃው ላይ ዱካ ይፈልጉ፤ የሚዳቋ ኮቴ ከፍየል ያነሰና ጫፉ የሾለ ነው። ከዝናብ በኋላ የሚወርደው ጎርፍ ቀለም ራሱ ብዙ ይናገራል። ማስታወሻው ደብተር ላይ ይሁን፤ ያ ደብተር ስብሰባ ላይ «ምን ለውጥ መጣ?» ሲባል ከማንኛውም ንግግር በላይ ይሠራል።

እሺ፣ ከየት ልጀምር?

ችግኝ ከማዘዝ አይጀምሩ። ቦታውን ድሮ ከሚያውቅ አዛውንት ጋር ሆነው በእግር ይዙሩት። ምን እንስሳ ነበር፣ ምንጩ የት ነበር፣ መቼ ነው የተመነጠረው ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ዛሬ ማን ከብት እንደሚያሰማራበት፣ ማን ማገዶ እንደሚለቅም፣ ማን በአቋራጭ እንደሚሄድበት በስም ይጻፉ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የሚጠሩት እነዚያን ሰዎች ነው፤ ከብት የምትጠብቀውን ልጅም ጭምር። ሚዳቋዋ ማታ ማታ በየት በኩል እንደምትወርድ የምታውቀው እሷ ናት።